የማይለቅ የወገብ ሕመም ከወዴት ይመጣል?

ማታ ማታ ፊደል ለማስተማር ስንሰበሰብ ከሁሉ ይልቅ የምንሰማው ቃል «ወገቤን!» የሚለው ነው። ተማሪው ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ «ወገቤን!» ይላል። ትምህርቱ አልቆ ሲነሣም «ኧረ ወገቤን!» ይላል። አንድ ቀን አንዲት እናት «እናንት ልጆች፣ ‹ወ›ን ከሌላው ፊደል ሁሉ ቀድመን የለየናት ወገባችን ላይ ስላለች እኮ ነው» ብለው ሁላችንንም አሣቁን።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነን። በዚያ ቤት ከተቀመጡት መካከል «ወገቤን አሞኝ አያውቅም» ያሉን ሁለት ብቻ ናቸው። እነርሱም ገና ያላገቡ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ስለ ወገብ ሕመም አደረግነው። እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። የምንጽፈው መጻሕፍት አንብበን፣ የጤና ጣቢያውን ጤና መኮንን ጠይቀን ነው። ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ ራሳችን ተሳስተን ሰው ስለ ጎዳን ተምረንበታል። እርሱን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን።

የወገብ ሕመም የእኛ አገር ገበሬ ችግር ብቻ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 በመላው ዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተገምቷል። ቢሮ ተቀምጦ የሚውለውንም ያመዋል፤ ሸክም ሲሸከም የሚውለውንም ያመዋል።

ሁለት ዓይነት ሕመም

እጃችሁ የጋለ ምጣድ ሲነካ ወዲያው ትሰበስቡታላችሁ። እሾህ ሲወጋችሁ እግራችሁን ታነሣላችሁ። ይህ ሕመም ጠባቂያችን ነው። የሥጋ ደዌ የያዛቸው ወገኖች ብዙ ጊዜ ጣታቸው የሚጎዳው ጠባቂያቸውን ስላጡ ነው። በሽታው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቃጠሎውና ቁስሉ አይሰማቸውም።

ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ሕመም ቁስሉ ሲድን አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን አይሄድም። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየውን ወይም እየተመላለሰ የሚመጣውን ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ለምን 3 ወር? የተጎዳ ጅማትም ሆነ ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለሚሽር ነው። ቁስሉ ሽሮ ሕመሙ ካልሄደ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ወገብ እንዴት እንደ ተሠራ

የጀርባ አጥንት አንድ ወጥ ዘንግ አይደለም። እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ከአንገት እስከ ወገብ ያሉት የሚተጣጠፉት አጥንቶች 24 ናቸው። ከእነዚህ 5ቱ የወገብ ናቸው። ከሁሉም የሚወፍሩት፣ ከሁሉም የበዛ ሸክም ያለባቸው እነርሱ ናቸው። በአንዱና በሌላው አጥንት መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። ዙሪያውን ጅማትና ጡንቻ አሥሮ ይይዘዋል። በመካከሉ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከእርሱም ነርቮች ወደ እግር ይወርዳሉ። ነርቭ ማለት መልእክተኛ ነው። የእግርን ወሬ ወደ አንጎል፣ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ እግር ያመላልሳል።

እስቲ ይህን ሞክሩ። አንድ ድንጋይ አንሡና ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ያዙት። ቀጥላችሁ ያንኑ ድንጋይ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ድንጋዩ አልጨመረም፤ ግን ከበደ አይደል? ወገብም እንዲሁ ነው። ሸክሙ ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ድርብ ይሆናል።

አሁን የምታርሱበትን አኳኋን አስቡ። አንዱ እጅ እርፍ ይጫናል፤ ሌላው ጅራፍ ይይዛል። ሰውነት ወደ ፊት ጎንበስ፣ ወደ አንድ ጎን ጠምዘዝ እንዳለ ይውላል። ከዚያ አረም ይመጣል። ከዚያ አጨዳ ይመጣል። ጤፍ ሲታጨድ ወገብ የሚቃናው ውሃ ለመጠጣት ሲባል ነው። እናቶች ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ ጀርባቸው ላይ አሥረው ዳገት ይወጣሉ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። አንዳንዷ ይህን የምትሸከመው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፦ የወንድ ጀርባ ውሃ ለመቅዳት የማይሆንበትን ምክንያት ባነበብነው መጽሐፍ ሁሉ ፈልገን አላገኘንም።

ሸክምና ጎንበስ ማለት ወገብን እንደሚጎዳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ የሚቀጥለውን ነው።

የውሻው ምሳሌ

አንድ ሌሊት ሌባ ወደ ግቢያችሁ ገባ እንበል። ውሻው ጮኸ፤ ሌባው ሮጠ። ውሻው ደግ አደረገ። በማግሥቱ ሌሊት ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይጮኻል። በሦስተኛው ሌሊት ጎረቤት ሲያስል ይጮኻል። እየቆየ የቤቱ ልጅ ወደ ደጅ ሲወጣም ይጮኽበታል። ሌባ የለም። ጩኸቱ ግን እውነተኛ ጩኸት ነው፤ እንቅልፍም ይነሣል።

የነርቭም ጠባይ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ወገብ በተጎዳ ጊዜ ነርቮች ወደ አንጎል ይጮኻሉ። ጩኸቱ ሲሰነብት ነርቮቹም፣ ኅብለ ሰረሰሩም፣ አንጎሉም ይለምዱታል። ጉዳቱ ከሻረ በኋላ እንኳ ትንሽ ጎንበስ ማለት እንደ ቢላዋ ይወጋል። ይህ ሲባል ሰውየው ያስመስላል ማለት አይደለም። ሕመሙ በርግጥ አለ። «ሥራ ጠልቶ ነው» እያሉ እንዲህ ያለውን ሰው ማማት በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑን በጦርነት እግራቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ በሌለው እግራቸው ጣት ላይ ማሳከክና ማቃጠል ይሰማቸዋል። ፓሬ የሚባል የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም ይህን ገና በ16ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል። እግሩ የለም፤ ሕመሙ አለ። እንግዲህ ሕመም የሚመጣው ከቆሰለው ቦታ ብቻ ሳይሆን ከነርቭና ከአንጎልም ጭምር ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። በፈረንጆች 2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸው ሰዎች የተነሡትን የውስጥ ፎቶግራፍ መርምሮ ነበር። የ20 ዓመት ወጣቶች ከሆኑት ከ100ው 37ቱ፣ የ80 ዓመት ሽማግሌዎች ከሆኑት ከ100ው 96ቱ ዲስካቸው አርጅቶ ተገኘ። አንዳቸውንም ግን አያማቸውም ነበር። የዲስክ ማርጀት እንደ ጠጉር ሽበት ነው። ከተማ ሄዶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ «ዲስክህ አርጅቷል» የተባለ ሰው መርዶ እንደ ተነገረው ሊደነግጥ አይገባም።

እኛ የሠራነው ስሕተት

ከተማሪዎቻችን አንዱ ዕድሜያቸው 40 ያለፈ ብርቱ አራሽ ናቸው። «ጋሼ» እንላቸዋለን። ግንቦት ላይ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አንድ ጆንያ አንሥተው አህያ ላይ ሊጭኑ ሲሉ ወገባቸው «ቀጭ» አለ። ሰዎች ደግፈው ወደ ቤት አመጧቸው። እኛም ልንጠይቃቸው ሄድን። የተማርን ነን ብለንም ምክር ሰጠን። «ጋሼ፣ እንዳይንቀሳቀሱ። ፈጽሞ እስኪሻልዎ ድረስ ከአልጋ አይውረዱ» አልናቸው። ከዚያ በፊት የነገርናቸውን ብዙ ነገር አላመኑንም ነበር፤ ይህን ግን አመኑን።

አንድ ወር ተኙ። ማሳው ሳይታረስ ሰኔ ገባ። የ12 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀርቶ እርፍ ጨበጠ። የጋሼ ጭን ሳሳ። ሊነሡ ሲሞክሩ ሕመሙ ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ሆነ። አንድ ማታ «ከእንግዲህ እኔ ሰው አይደለሁም፤ መሬቱን የእኩል እሰጣለሁ» ሲሉ ሰማንና ደነገጥን። በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው።

ጤና መኮንኑ ብዙ ነገር ጠየቃቸው። እግርዎ ይደነዝዛል? ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ትኩሳት አለብዎ? በጣቱም ወገባቸውን ዳሰሰ። የሚያሠጋ ነገር አላገኘም። ከዚያ እኛ ያላሰብነውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «ሌሊት ይተኛሉ?»

ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው ተናገሩ። ሚያዝያ ላይ አንድ በሬያቸው ሞቷል። የማዳበሪያ ዕዳ አለባቸው። ከዚያ ወዲህ የዶሮውን ጩኸት ነቅተው ነው የሚጠብቁት። ይህን ለባለቤታቸውም አልነገሩም።

ጤና መኮንኑ ወደ እኛ ዞሮ «ማነው ተኙ ያላቸው?» አለ። አንገታችንን ደፋን። እርሱም አልተቆጣም፤ አስረዳን። ቀድሞ ሐኪሞችም ለወገብ ሕመም ብዙ ቀን መተኛትን ያዝዙ ነበር። በፈረንጆች 1986 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን 203 ሕመምተኞችን በሁለት ከፈለ። አንዱን ወገን 2 ቀን፣ ሌላውን 7 ቀን ተኙ አለ። 2 ቀን ተኙ የተባሉት ከሥራ የቀሩበት ቀን ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆነ፤ ሕመማቸውም ከሌሎቹ አልባሰም። ብዙ ሲተኙ ጡንቻ ይሳሳል፤ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ሰውየውም መንቀሳቀስን ይፈራል። ያ ውሻ ደግሞ ፍርሃት ሲያይ ይብስበታል።

ጋሼም ቀስ እያሉ ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን እስከ አጥሩ በር ሄዱ። በሳምንቱ እስከ ምንጩ ደረሱ። ማመሙ ወዲያው አልቀረም። ነገር ግን ያመመ ሁሉ እየተጎዳ አለመሆኑን ጤና መኮንኑ ስላስረዳቸው እያመማቸውም ተራመዱ። ስለ ዕዳው ለባለቤታቸው ነገሩ። በቀረው በሬያቸው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገቡ። መስከረም ላይ ለሽምብራ ግማሽ ጥማድ አረሱ። ዛሬም ብርድ ባለበት ጧት ወገባቸው ይይዛቸዋል። ልጁ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም

ታዲያ የጋሼ ሕመም ምክንያት ጆንያው ነው? አዎ፣ አንዱ እርሱ ነው። ግን ጆንያ ሲያነሣ ወገቡ ቀጭ ያለ ሁሉ ሥር የሰደደ ሕመም አይዘውም። ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? አንዱ ድር ጆንያው ነው። ሁለተኛው ከዚያ በፊት በአጨዳ ጊዜ ታመው ነበር፤ አንድ ጊዜ ወገቡን የታመመ ሰው እንደገና የመታመም ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ሦስተኛው እንቅልፍ ማጣት ነው። ሌሊት ያልተኛ ሰው ትንሹ ነገር ሁሉ ያመዋል። አራተኛው ሐሳብና ሐዘን ነው። አምስተኛው እኛ የጨመርነው የመተኛት ድር ነው።

ሌሎችም አሉ። ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው ይልቅ የወገብ ሕመም ያገኘዋል። ዕድሜ፣ የሰውነት መወፈር፣ እርግዝናና ከቤተሰብ የሚወረስ ጠባይም ይጨምሩበታል። ዕድሜን ማስቀረት አይቻልም። እንቅልፍን፣ ሸክምን፣ ትምባሆን፣ ብቻ የተያዘ ጭንቀትን ግን መንካት ይቻላል። ከድሩ ሁለት ሦስቱን መበጠስ ሌላውን ያላላዋል።

ኩላሊት ነው ወይስ ወገብ?

በእኛ አገር ወገቡን የታመመ ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኩላሊት አይደለም። ጎንበስ ሲሉ፣ ሲያነሡ፣ ሲገላበጡ የሚብስ ሕመም ብዙውን ጊዜ የጡንቻና የአጥንት ነው። የኩላሊት ሕመም የሚሰማው ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን ነው። ቢተኙም ቢቀመጡም አያሳርፍም። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም በሽንት ውስጥ ደም ካለ ኩላሊት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ስም ማሳሳቱ ጉዳት አለው። «ኩላሊቴን» ያለው ሰው ከሱቅ የማስታገሻ ክኒን እየገዛ በየቀኑ ይውጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ለጥቂት ቀን በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ይረዳሉ። ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ኩላሊቱን ያልታመመው ሰው ለኩላሊቴ ብሎ በዋጠው ክኒን ኩላሊቱን ይታመማል። በመንደር ውስጥ መርፌ ማስወጋትም ሌላ ጣጣ አለው። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ የእግርን ትልቅ ነርቭ አግኝቶ እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል።

ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት

ከጋሼ በኋላ እኛ ደግሞ በሌላ ወገን ልንሳሳት ነበር። አንዲት እናት ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ይማሩ ነበር። መቀመጥ አይሆንላቸውም። ወገባቸውን ካመማቸው 5 ወር ሆኗቸዋል። «እትዬ፣ ይንቀሳቀሱ እንጂ፤ ይለቅዎታል» ልንላቸው አፋችንን ስንከፍት ጎረቤታቸው «እሳቸው እኮ ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል፤ ልብሳቸው በላብ ይርሳል። ቀሚሳቸውም ሰፍቷቸዋል፤ አታዩም?» አለች። ሳል የላቸውም ነበር። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጤና መኮንኑ እጁን በጀርባቸው መካከል ሲያወርድ አንዱ አጥንት ጎበጥ ብሎ ወጥቶ አገኘው። ወደ ሆስፒታል ላካቸው። የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሆነ።

ሳንባ ነቀርሳ ስሙ የሳንባ ይሁን እንጂ ተዋሲው በደም ተሳፍሮ አጥንት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የጀርባን አጥንት ቀስ እያለ ይበላል። ሳይታከም ከቆየ ያጎብጣል፤ እግርን ያሽመደምዳል። መድኃኒቱ ግን አለ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል። የአጥንቱ ሕክምና ብዙ ወር የሚፈጅ ስለሆነ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም። እኚህ እናት አሁን መድኃኒቱን ሊጨርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ተቀምጠው ይጽፋሉ።

ከብት የሚያረቡ ሰዎች ሌላም ነገር ይወቁ። ላም ስታስወርድ ያለ ጓንት በእጅ ከመንካት፣ ያልተፈላ ወተትም ከመጠጣት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይመጣል። እርሱም የሚመላለስ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያመጣል። ወባ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

እንግዲህ ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። ከዛፍ ወይም ከገደል ከወደቁ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ተኝተውም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የማይተው ሕመም፣ ቀድሞ ካንሰር የታከመ ሰው ሕመምም እንዲሁ ነው። እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመቀመጫ ላይ መደንዘዝ ካለ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ካለ ግን ለነገ አይባልም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ለወጌሻ ማሳሸት አደጋ ነው። ወጌሻውን አንንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይናችን አይተናል። በሳንባ ነቀርሳ የተበላ አጥንት ግን በእሽት ይሰበራል።

ስለ ሥራ አኳኋን

ሥራ መተው አይቻልም፤ አይመከርምም። አኳኋኑን ማሻሻል ግን ይቻላል። ባለ 20 ሊትሩን አንድ ጀሪካን በሁለት ባለ 10 ሊትር መለወጥና በሁለት እጅ መያዝ ወገብን ከመጠምዘዝ ያድናል። አህያ ያለው አህያውን ይጫን። አንድ ኩንታል ለብቻ አይነሣም፤ ለሁለት ይከፈላል ወይም ሁለት ሰው ይይዘዋል። ምድጃው በጭቃ ከፍ ብሎ ቢሠራ እንጀራ ቆሞ መጋገር ይቻላል። በዚህ መንደር አራት ቤቶች እንዲህ ሠርተዋል፤ ሄዳችሁ እዩት። በአጨዳ ጊዜም አንድ እርከን በጨረሳችሁ ቁጥር ቀና ብላችሁ ጥቂት ተራመዱ። ጎረቤት «ሰነፈ» ቢል ይበል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሥር የሰደደ ሕመም የሚባለው ስንት ጊዜ የቆየ ሕመም ነው?

2. ውሻው ሌባ ሳይኖር የጮኸው ለምንድን ነው? ይህ ከወገብ ሕመም ጋር ምን ያገናኘዋል?

3. የጋሼ ሕመም እንዳይለቅ ያደረጉትን ምክንያቶች ቁጠሩ። ከእነዚህ መካከል እናንተም ዘንድ ያለው የትኛው ነው?

4. የጋሼና የእትዬ ሕመም በምን ይለያያል? ጎረቤቷ ምን ምን ምልክት አይታ ነው የተናገረችው?

5. በቤታችሁ ውሃ የሚቀዳው ማነው? በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ደብተራችሁ ላይ አስሉና በሚቀጥለው ማታ ይዛችሁ ኑ።